«አሁን አብብ»፦ ከላምባ ጭስ እስከ አምባሰል ማንጎ

አዲስ አበባ ውስጥ ሙዝ ገዝታችሁ ልጣጩ የላምባ ሽታ ሸትቷችሁ ያውቃል? ከአርባ ምንጭ አረንጓዴ ሆኖ በጭነት መኪና የሚመጣው ሙዝ ለዓመታት ሲበስል የኖረው በዚህ መንገድ ነው። ክፍል ውስጥ ይደረደራል፣ የላምባ ምድጃ ይለኮሳል፣ በሩ ይዘጋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሙዙ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። «ምኑ ነው የሚያበስለው?» ብትሉ ብዙ ሰው «ሙቀቱ ነዋ!» ይላችኋል። ሙቀቱ ያግዛል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ላምባው በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣ፣ በዓይን የማይታይ ጋዝ ነው። ስሙ ኤቲሊን ይባላል።

የሚገርመው ደግሞ ይሄን ጋዝ ሙዙ ራሱም ይሠራዋል። ፍሬ የመብሰያው ሰዓት ሲደርስ ኤቲሊን ያወጣል፤ አጠገቡ ያለው ፍሬ ጋዙን «ሰምቶ» እሱም መብሰል ይጀምራል። እና ነጋዴው ምድጃ ሲለኩስ፣ ሳያውቀው ሙዙን በራሱ በሙዙ ቋንቋ እያናገረው ነው።

የእድገት ተቆጣጣሪ የሚባሉት ኬሚካሎች ጠቅላላ ምስጢር ይሄ ነው። ማዳበሪያ አይደሉም፤ ዛፉን አይመግቡም። የተባይ መድኃኒትም አይደሉም። ዛፉ ከቅጠል ወደ ሥር፣ ከፍሬ ወደ ቅርንጫፍ የሚላላካቸውን መልእክቶች አስመስለው የሚልኩ፣ ወይም መልእክቱን መንገድ ላይ የሚያፍኑ ናቸው። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ይሄ ነገር ለኔ በጣም የሚገባኝ ዓይነት ነው። ፕሮግራሙ ዛፉ ውስጥ ተጽፎ አለ። ኬሚካሉ «አሁን አስኪደው» ወይም «አቁመው» ይላል እንጂ አዲስ ፕሮግራም አይጽፍም።

ወደዚህ ታሪክ ያስገባኝ አጎቴ ነው። አምባሰል ቆላው ላይ ከፍሬው ተዘርተው የበቀሉ፣ ከቤት ጣሪያ በላይ የረዘሙ የማንጎ ዛፎች አሉት። ዛፎቹ አንድ ዓመት ጎንበስ እስኪሉ ያፈራሉ፣ በቀጣዩ ዓመት ያርፋሉ። በሚያፈሩበት ዓመት ደግሞ የሁሉም ሰው ማንጎ በአንድ ሰሞን ይደርስና፣ ከሐይቅ በውጫሌ አድርጎ ወደ መርሳ የሚሄደው አስፋልት ዳር ዋጋው ይወድቃል። ባለፈው ስልክ ደውሎ «ማንጎን በፈለግህ ጊዜ የሚያሳብብ መድኃኒት አለ አሉ። አንተ ኮምፒውተር ላይ ውለህ የምታድር፣ እስቲ እውነት መሆኑን ፈልግልኝ» አለኝ።

እውነት ነው፤ አለ። ግን ከጠርሙሱ በፊት ታሪኩን ማወቅ ይሻላል። (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ጭስ

ሰው ዛፍን በምልክት ማዘዝ የጀመረው ላብራቶሪ ከመኖሩ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነው። የጥንት ግብጾች ሾላን ዛፉ ላይ እንዳለ በስለት ይበጡት ነበር፤ የተበጣው ፍሬ ፈጥኖ ያብጣል፣ ይጣፍጣል። ምክንያቱን እነሱ አያውቁትም። ዛሬ ግን እናውቀዋለን፦ የቆሰለ ፍሬ ኤቲሊን ያወጣል።

ፊሊፒንስ ውስጥ ደግሞ የማንጎ ገበሬዎች ከዛፉ ሥር እርጥብ ቅጠልና ገለባ አንድደው ዛፉን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት በጭስ ያጥኑት ነበር። እሳቱ እንዳይነድ፣ ጭሱ እንዳይቋረጥ ሌት ተቀን ይጠበቃል። ከዚያ እንቡጡ ብቅ ይላል። ይሄ ልማድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል።

የጭሱ ምስጢር መፈታት የጀመረው ማንጎ በማይበቅልበት አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ከተሞች ጎዳናዎች በጋዝ መብራት ይበሩ ነበር፤ የጋዙ ቱቦ በሚያፈስበት አካባቢ ያሉ ዛፎች ያለወቅታቸው ቅጠላቸውን ያረግፉ ጀመር። በ1901 ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ ሩሲያዊ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ላብራቶሪ ውስጥ ያበቀለው አተር ቀጥ ብሎ በማደግ ፈንታ ወደ ጎን ሲተኛ አየና ጥፋተኛው በመብራቱ ጋዝ ውስጥ ያለው ኤቲሊን መሆኑን አሳየ። በ1934 ሪቻርድ ጌን እንግሊዝ ውስጥ የበሰለ ፖም ራሱ ኤቲሊን እንደሚያመነጭ አረጋገጠ። ሁለቱ ግኝቶች ሲገጣጠሙ ጭስ፣ የመንገድ መብራትና የፖም ቅርጫት የአንድ ነገር ሦስት ገጽ ሆኑ።

ለማንጎ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። ራሞን ባርባ የተባለ ፊሊፒናዊ የዕፅዋት ሳይንቲስት ጭሱን የሚተካ ነገር ሲፈልግ ፖታሺየም ናይትሬት ላይ ደረሰ። ይሄ ጨው የባሩድ ዋና ንጥረ ነገር ነው፤ ማዳበሪያም ይሆናል። ውሃ ውስጥ በጥቂቱ በጥብጦ ቅጠሉ ላይ ሲረጨው፣ ለማበብ የደረሰው ቅርንጫፍ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቡጥ አወጣ። ባርባ የፈጠራ መብቱን ቢያስመዘግብም ገበሬው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። ዓመት ከዓመት የሚሸጥ የፊሊፒንስ ማንጎ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ «ለማበብ የደረሰው» ያልኩትን ቃል ያዙልኝ። ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ብትረጩት ምንም አይሆንም። መልእክቱ የሚሰማው ተቀባዩ ዝግጁ ሲሆን ብቻ ነው።

ቂል ሩዝ

ሁለተኛው የታሪኩ ክር የሚነሳው ከሩዝ ማሳ ነው። የጃፓን ገበሬዎች «ቂል ቡቃያ» የሚሉት በሽታ ነበራቸው፦ ሩዙ ከጓደኞቹ በላይ ይመዘዝና ቀጥኖ ይወድቃል፣ ፍሬም አይሰጥ። በ1926 ኢኢቺ ኩሮሳዋ ያኔ በጃፓን ሥር በነበረችው ታይዋን ውስጥ በሽታውን የሚያመጣውን ሻጋታ በፈሳሽ አሳደገና ሻጋታውን አጥልሎ አስወግዶ ፈሳሹን ብቻ ለጤነኛ ሩዝ ሰጠው። ጤነኛውም ተመዘዘ። ስለዚህ ሩዙን የሚያስረዝመው ከሻጋታው የሚወጣ አንድ ንጥረ ነገር ነው ማለት ነው። በ1935 ተይጂሮ ያቡታ ንጥረ ነገሩን ጅብሬሊን ብሎ ሰየመው። ቆይቶ ሲታይ ጅብሬሊን ዕፅዋት ሁሉ ለራሳቸው የሚሠሩት፣ «ርዘም» የሚል መልእክት ሆኖ ተገኘ። ሻጋታው መልእክቱን ከልክ በላይ ይጮህበት ነበር፤ በቃ።

ጅብሬሊንን ማብዛት ካስረዘመ፣ ማፈኑ ያሳጥራል። አረንጓዴው አብዮት የሚባለው ነገር አንዱ መሠረት ይሄ ነው፤ አጫጭሮቹ የስንዴ ዝርያዎች አጭር የሆኑት የጅብሬሊንን መልእክት በደንብ የማይሰሙ በመሆናቸው ነው። ለዛፍ ግን አዲስ ዝርያ እስኪወጣ ብዙ አሥርተ ዓመታት መጠበቅ ይጠይቃል። የእንግሊዙ ኩባንያ አይሲአይ ሌላ መንገድ ይዞ መጣ፤ ፓክሎቡትራዞል የተባለ፣ ዛፉ ውስጥ የጅብሬሊን ማምረቻውን አንድ ደረጃ የሚዘጋ ኬሚካል። በ1980ዎቹ «ከልታር» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። አጎቴ የሰማው «መድኃኒት» ይሄ ወይም የዚህ ዘመድ መሆኑ ነው።

ማንጎን የሚያሳብበው እንዴት ነው? የማንጎ ቅርንጫፍ ጫፍ ሁልጊዜ ሁለት ምርጫ አለው፦ ለጋ ቅጠል ማውጣት ወይም የአበባ ዘለላ ማውጣት። ጅብሬሊን ወደ ቅጠሉ ይገፋዋል። ቅዝቃዜ ያለበት ሌሊት፣ የበሰለ ቅርንጫፍና የተጠራቀመ ስታርች ወደ አበባው ይገፉታል። ወሎ ውስጥ ይሄ ቅዝቃዜ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች በነፃ ይመጣል። ፓክሎቡትራዞል የቅጠሉን ወገን ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል፤ ዛፉ ለቅጠል ሊያወጣው የነበረውን ምግብ ያጠራቅማል፣ ሚዛኑም ወደ አበባ ያጋድላል።

«አንድ ዓመት ያፈራል፣ አንድ ዓመት ያርፋል» የሚለው የገበሬ ትዝብትም እዚሁ ላይ መልሱን ያገኛል። ብዙ ፍሬ የተሸከመ ዛፍ ስታርቹን ጨርሷል። በዚያ ላይ በየፍሬው ውስጥ ያለው ዘር የራሱን ጅብሬሊን ይሠራል፤ ይሄም የሚቀጥለውን አበባ ያፍናል። ዛፉ ስላኮረፈ አይደለም ያረፈው።

አንድ ቃል፣ ሁለት ንባብ

አምባሰልን ካነሳን ውጫሌን መዝለል አይቻልም። በ1889 እዚያ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ «ብትፈልግ ትችላለህ» የሚል ሆኖ፣ በጣሊያንኛ «ግዴታህ ነው» ተብሎ መነበቡን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። የዕፅዋት ሆርሞንም እንደዚያ ነው፤ አንዱ ሞለኪውል እንደ መጠኑና እንደ ተቀባዩ ተቃራኒ ነገር ተደርጎ ይነበባል።

ምሳሌው ቅርብ ነው። የጤፍና የስንዴ ገበሬ ቅጠለ ሰፊ አረም ለማጥፋት የሚረጨውን ቱፎርዲ ታውቁታላችሁ? በቁጥርና በፊደል ሲጻፍ 2,4-ዲ ነው። ይሄ ኬሚካል ኦክሲን የሚባለውን የዕፅዋት ሆርሞን አስመስሎ የተሠራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ በምስጢር ተጠና፤ ጦርነቱ ሲያበቃ የአረም መድኃኒት ሆኖ ለገበያ ወጣ። አሜሪካ ቬትናም ደን ላይ ከአውሮፕላን ያዘነበችው ኤጀንት ኦሬንጅ ግማሹ ይሄው 2,4-ዲ ነበር።

ይሄው ራሱ ነገር፣ ሕንድ ውስጥ እጅግ ቀጥኖ፣ በሊትር ውሃ ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ገብቶ፣ ማንጎ ፍሬውን እንዳያረግፍ ይረጫል። መጠኑ ከፍ ሲል ገዳይ፣ ሲወርድ ፍሬ ጠባቂ። «ትንሽ ከጠቀመ ብዙው የበለጠ ይጠቅማል» የሚለው ሐሳብ እዚህ ጨርሶ አይሠራም።

ፍሬው ዛፉ ላይ

ለምን ፍሬ ይረግፋል? ማንጎ ሲያብብ አንድ የአበባ ዘለላ ላይ ከመቶዎች እስከ ሺዎች የሚደርሱ አበቦች ይወጣሉ። ብዙዎቹ ወንዴ ብቻ ስለሆኑ ፍሬ አይዙም። ከሁሉም አበቦች ደግሞ ለቀማ የሚደርሰው ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም። ዛፍ ሥር የተነጠፈ ጥቃቅን ፍሬ ስታዩ «በሽታ ገባበት» አትበሉ፤ ዛፉ ባጀቱን እያስተካከለ ነው።

እያንዳንዱ ፍሬ ዛፉ ላይ ለመቆየት ያለማቋረጥ «አለሁ» ማለት አለበት። ይሄን የሚለው በውስጡ ያለው ዘር ነው፤ ኦክሲን እየሠራ በፍሬው ዘንግ በኩል ወደ ቅርንጫፉ ይልካል። መልእክቱ እስከመጣ ድረስ ዘንጉ ጠንክሮ ይይዛል። ዘሩ በብርድ ወይም በደካማ ርክበ ብናኝ ሳያድግ ሲቀር፣ ውሃ ሲጠፋ ወይም ተባይ ሲያደክመው መልእክቱ ይቀጥናል። ያኔ ኤቲሊን ይበረታል፤ ዘንጉ ላይ መቁረጫ ንጣፍ ይፈጠርና ፍሬው ይወድቃል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመጠኑም ወሳኝ ናቸው። በዚያን ጊዜ የፍሬው ሴሎች በሳይቶካይኒን፣ በጅብሬሊንና በኦክሲን እየታዘዙ ይባዛሉ፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው መለጠጥ ነው። ስለዚህ በሕፃንነቱ ውሃ የተጠማ ማንጎ ኋላ ቢጠጣም ያጣውን ሙሉ በሙሉ አይመልስም።

መጨረሻ ላይ እንደገና ኤቲሊን ይመጣል። ማንጎ ከዛፍ ከወረደ በኋላ የሚበስል ፍሬ ነው። እናቶቻችን ጥሬውን ጤፍ ወይም ጭድ ውስጥ ሲቀብሩት የራሱን ጋዝ እንዳያባክን እያፈኑት ነው። ግን ልብ በሉ፤ ሳይጎለምስ የተለቀመ ማንጎ ጋዝ ቢያገኝ ቀለሙ ይለወጥ እንጂ አይጣፍጥም። ወደ ስኳር የሚለወጥ ስታርች አላጠራቀመማ። ምልክት የሌለውን ነገር ከየት ያመጣል?

አዋሽ

ይሄ ሁሉ ፊሊፒንስ፣ ጃፓን፣ ሕንድ ሆነ። እኛ ጋስ? እኛም ጋ ተሞክሯል። በ2004 የሺጥላ የተባለ ተመራማሪ ከደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በላይኛው አዋሽ አግሮ ኢንዱስትሪ እርሻ ላይ ያደረገውን ሙከራ አሳተመ። ችግሩ ቶሚ አትኪንስ የተባለው የፍሎሪዳ ዝርያ በስምጥ ሸለቆው ሙቀት ቅጠል ብቻ እያበዛ ፍሬ መንሳቱ ነበር። ለአንድ ዛፍ 2.75፣ 5.5 እና 8.25 ግራም ፓክሎቡትራዞል፣ አንዳንዱ ሥሩ ላይ በማፍሰስ አንዳንዱ በመርጨት ተሰጠ፤ ምንም ካልተሰጣቸው ዛፎች ጋርም ተነጻጸረ። ሁለቱ ከፍ ያሉት መጠኖች ዛፉ ቅጠል ማብዛቱን ገቱት፤ ምግብ ተጠራቀመ፣ አበባው በረከተ፣ ምርቱም የፍሬው ጥራትም ተሻሻለ።

ለአጎቴ «እውነት ነው» ያልኩት ይሄን ይዤ ነው። ወዲያው «ላንተ ግን አይደለም፤ ቢያንስ አሁን አይደለም» አልኩት። ደስ አላለውም።

አምባሰል

ለምን አይደለም? አንደኛ፣ የአዋሹ እርሻ በመስኖ የሚጠጣ፣ በተዳቀለ ችግኝ የተተከለ፣ ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ እርሻ ነው። የአጎቴ ዛፎች ከዘር የበቀሉ ናቸው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ዝርያ ነው፣ መጠኑም ለየቅል ነው። ውሃ በሌለበት ወር ያለወቅቱ ያበበ ዛፍ ደግሞ ፍሬውን ማሳደጊያ የለውም፤ «አለሁ» የሚሉት ዘሮች በጥም ይቀጥኑና ይረግፋል። በመድኃኒት የተገዛ አበባ መሬት ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። ፓክሎቡትራዞል አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። አጎቴ ደግሞ ከማንጎው ሥር ሽንኩርትና ቃሪያ ያለማል። «አትርዘም» የሚለው መልእክት ለማንጎው ብቻ ተብሎ አልታሸገም፤ የሽንኩርቱ ሥርም ያነበዋል። ውሃውም የሚሄድበት አለው። ቆላው ወደ ሚሌ ይወርዳል፣ ሚሌ ወደ አዋሽ፤ እዚያ ታች የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ። የሐይቅ ሐይቅ ደግሞ የሚገባበት ወንዝ እንጂ የሚወጣበት የለውም። የገባበት ነገር ሁሉ እዚያው ነው።

ሦስተኛው ነጩ ተባይ ነው። በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየና ወደ ብዙ የማንጎ አካባቢዎች ተሰራጨ፤ አማራ ክልልም ገብቷል። ቅጠሉን እየመጠጠ ያደክመዋል። የደከመ ቅጠል ስታርች አያጠራቅምም፤ ስታርች ያላጠራቀመ ዛፍ ላይ ደግሞ የትኛውም ምልክት ቢላክ መልስ የለም።

ታዲያ ምን ቀረ? ብዙ ነገር ቀርቷል፤ ሁሉም ደግሞ ሆርሞን ነው። ከለቀማ በኋላ ዛፉን መግረዝ ቅርንጫፎቹ በአንድ ጊዜ አቆጥቁጠው በአንድ ጊዜ እንዲበስሉ ያደርጋል፤ የቅርንጫፍ ጫፍ ሲቆረጥ ከዚያ ይወርድ የነበረው ኦክሲን ይቋረጣልና የጎን እንቡጦች ይነቃሉ። የረዘመውን አሮጌ ዛፍ ቆርጦ በተሻለ ዝርያ ማዳቀል ቁመቱን ያወርደዋል፤ ተባዩንም እጅ በሚደርስበት ከፍታ መቆጣጠር ይቻላል። እንደ ኬንትና ኪት ያሉ ዝርያዎች መልካሳ የምርምር ማዕከል ውስጥ የቆዩ ናቸው፤ ሲሪንቃ የምርምር ማዕከል ደግሞ እዚያው ወሎ ውስጥ ነው። የሚደርሱበት ጊዜ የሚለያይ ዝርያ ቀላቅሎ የያዘ ሰው የአንድ ሰሞን ገበያ አይጥለውም። ውሃ ያለው ሰው ደግሞ ከማበቢያው በፊት ውሃ ቀንሶ፣ ፍሬ ሲይዝ መልሶ ማጠጣት ይችላል። ይሄ ሁሉ ሲሟላ፣ ባለሙያ ባለበት፣ መጠኑ ተለክቶ ኬሚካሉም ቦታ ሊኖረው ይችላል። ጠርሙሱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው፤ ገበያው ግን አስቀድሞ ይዞት ይመጣል።

ከዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር ሆኖ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። የፊሊፒንስ ገበሬ ጭስ ሰው ስለመዘገበው ባርባ ላይ ደረሰ። የጃፓን ገበሬ «ቂል ቡቃያ» ሰው ስለጻፈው ጅብሬሊን ሆነ። የኛ አገር ገበሬስ የሚያውቀው? ሐይቅ እስጢፋኖስ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስጻፉት ወንጌል እስከ ዛሬ ያለበት ቦታ ነው፤ መጻፍ እዚያ አገር እንግዳ ሥራ አይደለም። የትኛው ዛፍ መቼ እንዳበበ፣ የትኛው ብርድ እንዳረገፈው፣ የትኛው ዛፍ በየዓመቱ ሳያርፍ እንደሚያፈራ ግን የሚያውቁት ገበሬዎች ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ ለአጎቴ በመድኃኒቱ ፈንታ ደብተር ላክሁለት። እያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ያበበበት ቀን፣ ፍሬ የያዘበት፣ የረገፈበት፣ የተለቀመበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል። ልጁ በየሳምንቱ ገጹን በስልክ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፣ እኔ ወደ ሰንጠረዥ እገለብጠዋለሁ። እስካሁን ያለን የአንድ ወቅት መረጃ ብቻ ነው፤ ለድምዳሜ አይበቃም። ግን 7 ቁጥር ዛፍ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ አብቧል። በሚቀጥለው ዓመትም ከቀደመ፣ ለማዳቀል ቅርንጫፍ የምንቆርጠው ከእሱ ነው።